ቀዩ ድንጋይና የሴቶቹ መዝገብ



ባለፈው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ ከሚኒያፖሊስ በጠዋት ተነስተን፣ በሚኒሶታ ደቡብ ምዕራብ ወደምትገኘው ፓይፕስቶን ከተማ ሄደን ነበር። አሄዳችን ለሽርሽር ቢሆንም የተመለስነው ቁም ነገር ይዘን ስለሆነ ልናካፍላችሁ ወደድን።

እዚያ ከመሬት ሥር ለስላሳ ቀይ ድንጋይ ይወጣል። ሌላው ሰው «ሱ» የሚላቸው የላኮታና የዳኮታ ሕዝቦች፣ ሌሎች ነባር ሕዝቦችም፣ ለጸሎት የሚጠቀሙበትን የትንባሆ ፒፓ ራስ ከዚህ ድንጋይ ይቀርጻሉ። ድንጋዩ በጠንካራ አለት የተሸፈነ ስለሆነ እስከ ዛሬ የሚወጣው በመዶሻና በሽብልቅ፣ በሰው ጉልበት ነው።

«ትንባሆ ደግሞ ለጸሎት?» አለች አንዷ እህታችን። ነገሩ ወዲያው ገባን፤ እኛስ ዕጣን እናጨስ የለ? በእነሱም ዘንድ ጢሱ ጸሎትን ወደ ላይ ያደርሳል። ፒፓውን በላኮታ ቋንቋ ቻኑንፓ ይሉታል። የድንጋዩ ራስና የእንጨቱ ዘንግ ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ የሚገጣጠሙት ለሥርዓቱ ነው። ላኮታዎች እንደሚተርኩት የመጀመሪያውን ፒፓ ያመጣችላቸው ሴት ናት፤ ነጭ የጎሽ ጥጃ ሴት ይሏታል።

ዘንጉን የሚያስጌጠው የጃርት እሾህ ጥልፍም ከጥንት የሴቶች ሙያ ነው። እሾሁን ቀለም ነክረው፣ አርጥበው፣ አለስልሰው፣ አንድ በአንድ ያጥፉታል። እኛ የማኅበሩን ሒሳብ የምንይዘውን ይበልጥ የገረመን ሌላ ነገር ነው። የላኮታ ሴቶች ቆዳ በሚፍቁበት መሣሪያ የቀንድ እጀታ ላይ፣ ሠርተው ለጨረሱት ሥራ ነጥብ እየቀረጹ ይቆጥሩ ነበር። ያ እጀታ መዝገባቸው ነበር ማለት ነው። ብዙ የሠራች ሴትም በሰው ፊት ትከበርበት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 የያንክተን ሱ ሕዝብ ሰፊ መሬቱን በውል ሲለቅ ድንጋዩን የማውጣት መብቱን አስጠብቆ ነበር። ሆኖም ሰፋሪዎች ገቡበት፣ የባቡር ሐዲድ አለፈበት፣ መንግሥትም ትምህርት ቤት ሠራበት። በ1883 የወጣ ደንብ ደግሞ የነባር ሕዝቦችን የሃይማኖት ሥርዓቶች በወንጀል ያስቀጣ ጀመር። ያንክተኖች በፍርድ ቤት ተከራክረው በ1928 ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ካሳ ተፈረደላቸው፤ መሬቱ ግን የመንግሥት ሆኖ ቀረ። በ1937 ቦታው ብሔራዊ ቅርስ ሲሆን ድንጋዩን የማውጣት መብት ለነባር ሕዝቦች ብቻ ተሰጠ። የሃይማኖት ነጻነታቸውን የሚያስከብረው ሕግ የወጣው በ1978 ነው።

በእነዚያ ዓመታት ብዙ ፒፓዎች ከባለቤቶቻቸው እጅ ወጥተው ሙዚየም ገቡ። በሙዚየም መዝገብ ላይ ብዙ ጊዜ የምናገኘው የሰብሳቢውን ስም ነው። ዘንጉን የጠለፈችው ሴት ስም የለም። በእጀታዋ ላይ ሥራዋን ቆጥራ የያዘች ሴት፣ በሌላ ሰው መዝገብ ውስጥ ጠፋች።

በመኪና ስንመለስ ዝም ብለን ነበር። ለምን እንደሆነ እንናገር። ባለፈው ባዛር መሶብ የገዙን አንዲት ደጋፊ «ማን ሰፋችው?» ብለው ሲጠይቁን መዝገባችንን ገልጠን ነበር። «መሶብ፣ 1» ይላል፤ ዋጋውም አለ፤ የሰፊዋ ስም ግን የለም። ሒሳቡ ሳንቲም ሳይጎድል ልክ ነው፣ ሰውዋ ግን ጎድላለች። ጥፋቱ የእኛው ነው።

ስለዚህ ከዚህ ወር ጀምሮ በመዝገባችን ላይ «የሠራችው» የሚል አንድ ዓምድ ጨምረናል፤ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይም ስሟ ይታሰራል። ከዚህ በፊት የተሸጡትን የምታስታውሱ እህቶች፣ በተለይም በሕይወት የሌሉ እናቶቻችንን ሥራ የምታውቁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ንገሩን። አንድ በአንድ እንጽፋለን።