የጠርሙስ መክፈቻ

የጠርሙስ መክፈቻ በቆርኪ የታሸገ ጠርሙስ ለመክፈት የሚያገለግል አነስተኛ መሣሪያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከብረት ይሠራል፤ ቢራ፣ ለስላሳ ወይም አምቦ ውኃ በጠርሙስ በሚሸጥበት ሁሉ አይታጣም። በኢትዮጵያ «መክፈቻ» ብቻ ሲባል ይበቃል፤ በአሜሪካ ግን «የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። የቢራ ገብስ በሚበቅልበት በአርሲ ደጋ፣ ከአሰላ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው ዲክሲስም እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል የግሮሰሪና የሱቅ የዘወትር ዕቃ ነው።

አሠራሩ

መክፈቻን ለመረዳት መጀመሪያ ቆርኪን ማወቅ ያስፈልጋል። ቆርኪ ከስስ ቆርቆሮ ተቆርጦ የሚሠራ፣ ዛሬ በዙሪያው 21 ጥርስ ያለው ክዳን ነው። በፋብሪካ ማሽኑ ክዳኑን በጠርሙሱ አፍ ላይ ጭኖ ጥርሶቹን ወደ ውስጥ ያጥፋቸዋል፤ እነሱም የጠርሙሱን ከንፈር ነክሰው ይይዛሉ። ከሥሩ ያለው ንጣፍ ደግሞ ጋዙ እንዳያመልጥ ያፍነዋል።

መክፈቻው የሚሠራው በመፈንቅል ሕግ ነው። የፊት ጫፉ በቆርኪው አናት ላይ ያርፋል፤ ጥርሱ ከቆርኪው ጠርዝ ሥር ይገባል፤ ከዚያ እጀታው ወደ ላይ ይነሣል። ጫፉ ካረፈበት እስከ ጥርሱ 2፣ እስከ እጅ መያዣው 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የእጅ ጉልበት አምስት እጥፍ ሆኖ ቆርኪው ላይ ይደርሳል። ጠርዙ ገና ጥቂት ቀና እንዳለ የታፈነው ጋዝ ፍስስ ብሎ ይወጣል፤ የቀረው ቀላል ነው።

አመጣጡ

ቆርኪን የፈለሰፈው በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ይሠራ የነበረው ዊሊያም ፔይንተር ነው። ከእርሱ በፊት ጋዝ ያለው መጠጥ የሚታሸገው በቡሽና በሽቦ ወይም በልዩ ልዩ ማያያዣ ነበር፤ ጋዙ ሲገፋው ክዳኑ ይላላል፣ መጠጡም ይበላሻል። ፔይንተር እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብት ያገኘበት ክዳን 24 ጥርስ ያለውና በውስጡ ስስ ቡሽ የተነጠፈበት ነበር። ቅርጹ ዘውድ ስለሚመስል «የዘውድ ቡሽ» ተባለ።

ክዳኑ ጠንካራ በመሆኑ በባዶ እጅ አይነቀልም። ስለዚህ ፔይንተር ለዚሁ የሚሆን መክፈቻ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1894 ሁለተኛ የፈጠራ መብት ወሰደ። ቆርኪና መክፈቻ ከአንድ ሰው እጅ የወጡ ጥንድ ፈጠራዎች ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ባልተስፋፋ ነበር። በኋላ የሚጣል የጢም ምላጭ ያስተዋወቀው ኪንግ ጂሌትም የፔይንተር ኩባንያ ሻጭ ነበር፤ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ዕቃ እንዲያስብ የመከረውም ፔይንተር ነው።

ቅጽል ስሙ

«የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ» የሚለው ስም አመጣጥ በተለያየ መንገድ ይተረካል። ሚዛን የሚደፋው መልክን መሠረት ያደረገው ማብራሪያ ነው፦ የቀድሞዎቹ መክፈቻዎች ከቀለጠ ብረት የተሠሩ ከባድ ዕቃዎች ስለነበሩ፣ በአንድ በኩል ረጅም እጀታ በሌላው ክፍት ቀለበት ስለነበራቸው፣ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ትልልቅ በሮች የሚከፈቱባቸውን ቁልፎች ይመስሉ ነበር። በኢትዮጵያም ቄሰ ገበዝ የሚይዘውን የጥንቱን የብረት ቁልፍ ያየ ሰው ምስሉ ወዲያው ይመጣለታል። አንዳንዶች መጠጥ ቤትን ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያጣመረ የቀልድ ስም ነው ይላሉ።

ሌላው ትረካ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ቢራ ይጠምቁ ከነበሩ መነኮሳትና ከመጋዘን ቁልፎቻቸው ጋር ያያይዘዋል። ገዳማት ቢራ መጥመቃቸው እውነት ነው፤ ሆኖም ቆርኪ የተፈለሰፈው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በመሆኑ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ መክፈቻ ሊኖር አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1935 የክሩገር ጠማቂ ድርጅት በቨርጂኒያ ግዛት ሪችመንድ ከተማ የጣሳ ቢራ ለገበያ ሲያቀርብ ስሙ ሌላ ዕቃ ላይም መዋል ጀመረ። የጊዜው ጣሳ አናቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ ስለነበር በሹል መሣሪያ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቀዳዳ ይወጣለት ነበር፤ በአንዱ መጠጡ ይፈሳል፣ በሌላው አየር ይገባል። ይህ መብሻ በሌላ ጫፉ የቆርኪ መክፈቻ ስለሚኖረው ሁለቱም በአንድ ቅጽል ተጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጣት የሚሳብ ቀለበት ያለው ጣሳ ሲመጣ መብሻው እየቀረ ሄደ።

በኢትዮጵያ

በአገሪቱ የመጀመሪያው የቢራ ፋብሪካ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ጠላ በጋንና በማሰሮ፣ ጠጅ በብርሌ ሲቀርብ መክፈቻ አያስፈልገውም ነበር፤ መሣሪያው ከጠርሙስ መጠጥ ጋር ተስፋፋ። አስተናጋጆች በኪሳቸው ወይም በሽርጣቸው ላይ በገመድ አስረው ይይዙታል፤ በትንንሽ ሱቆች ደግሞ ከባንኮኒው በሲባጎ ይንጠለጠላል። ጠርሙሱ በደንበኛው ፊት መከፈቱ የተለመደ ሥርዓት ነው፤ ጠጪው እሽጉ ያልተነካ መሆኑን በዓይኑ ያረጋግጣል።

የሚነቀለው ቆርኪም አይጣልም። ዳማ ተጫዋቾች የአንዱን ወገን ጠጠር ፊቱን ወደ ላይ፣ የሌላውን ጥርሱን ወደ ላይ አድርገው ይደረድሩታል። ልጆች ለመኪና መጫወቻ ጎማ ያደርጉታል። የመጠጥ ፋብሪካዎችም ሽልማት ከቆርኪ ሥር እያተሙ ያወጡበት ጊዜ አለ።

አርሲና ዲክሲስ

ጠርሙስ ውስጥ ያለው ቢራ መነሻው ብቅል፣ ብቅሉም ገብስ ነው፤ አርሲ ከዚህ መነሻ ላይ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተመሠረተው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአካባቢው የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ አስተዋወቀ፤ የቁሉምሳ ምርምር ማዕከልም በእህል ዘር ሥራው ታዋቂ ሆነ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ጠማቂዎች ዋና የአገር ውስጥ ብቅል አቅራቢ ነበር። እዚያ ገብሱ ይዘፈዘፋል፣ ይበቅላል፣ ከዚያም በሙቅ አየር ይደርቃል፤ እናቶች ለጠላ የሚያዘጋጁት ብቅልም መሠረቱ ይኸው ነው። ከዲክሲስ አካባቢ ማሳ የሚሰበሰብ ገብስ ብቅል ሆኖ፣ ብቅሉ ቢራ ሆኖ ወደዚያው ሲመለስ ጉዞው የሚያበቃው በመክፈቻ ነው። አልኮል የማይጠጣውም ለስላሳውንና አምቦውን የሚከፍተው በዚሁ መሣሪያ ነው።

አጠቃቀምና ጥንቃቄ

መክፈቻ ሲጠፋ ሰው ላይተር፣ የማንኪያ እጀታ፣ የጠረጴዛ ጠርዝ ወይም ሌላ ጠርሙስ ይጠቀማል፤ በጥርስ የሚከፍትም አለ። በጥርስ መክፈት ጥርስን ይሰነጥቃል። በጠርዝ መምታት ደግሞ የጠርሙሱን ከንፈር ይሸርፋል፤ ስባሪው መጠጡ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ባዶው ተመልሶ፣ ታጥቦ እንደገና ስለሚሞላ፣ ከንፈሩ የተሸረፈ ጠርሙስ ከአገልግሎት ይወጣል። ድራፍትና የፕላስቲክ ጠርሙስ መክፈቻ ባይሹም፣ ተመላሽ ጠርሙስ እስካለ ድረስ በአግባቡ የተሠራ መክፈቻ ጠጪውን ከጉዳት፣ ጠርሙሱንም ከብክነት ያድናል።