መልሱ ትክክል፣ መንገዱ ስህተት

በዚህ ዕትም የምናነሣው የአንድ የሒሳብ ማረጋገጫ ታሪክ ነው። ማረጋገጫው ስህተት ነበረበት፤ ስህተቱ ግን 11 ዓመት ሙሉ ተደብቆ ኖረ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለነገሩ ካርታ ያስፈልገናል። እኛ ካለንበት ከፖርት ቤል እንጀምር። ይህ የካምፓላ ወደብ የሚገኘው ዩጋንዳ፣ ኬንያና ታንዛኒያ በሚጋሩት በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ነው። ዩጋንዳ አምስት ጎረቤቶች አሏት፦ ኬንያ፣ ደቡብ ሱዳን፣ ኮንጎ፣ ሩዋንዳና ታንዛኒያ። እያንዳንዷ ከቀጣይዋ ጋር ትዋሰናለች፤ ታንዛኒያም ዞራ ከኬንያ ጋር ትገጥማለች። ድንበር ምን እንደሆነ ለስደተኛ መንገር አያስፈልግም። እስቲ ቀለም ቀቧቸው፤ የሚዋሰኑ አገሮች ግን አንድ ዓይነት ቀለም አይኑራቸው። ቀለበቱ አምስት፣ ማለት ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ሁለት ቀለም አይበቃውም፤ ሦስት ይፈልጋል። ለዩጋንዳ ደግሞ አራተኛ። ኢትዮጵያስ? ዛሬ ስድስት ጎረቤቶች ስላሏት በድምሩ ሦስት ቀለም ይበቃል። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ ከመውጣቷ በፊት ግን ጎረቤቶቿ አምስት ነበሩና አራት ያስፈልግ ነበር።

ታዲያ አምስት ቀለም የሚፈልግ ካርታ ይኖር ይሆን? ይህን በ1852 የጠየቀው ፍራንሲስ ጉትሪ ነው፤ በኋላ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሒሳብ አስተምሯል። በ1879 አልፍሬድ ኬምፕ የተባለ እንግሊዛዊ የሕግ ባለሙያ፣ ለማንኛውም ካርታ አራት ቀለም እንደሚበቃ አረጋገጥኩ ብሎ አሳተመ። ሊቃውንቱም ተቀበሉት።

ስህተቱ የተደበቀው እንደ ዩጋንዳ አምስት ጎረቤት ባላት አገር ላይ ነው። በሃሳባችን ካርታውን እናስፋውና ዙሪያውን ሌሎች ብዙ አገሮች እንጨምር። ኬንያና ኮንጎ ሰማያዊ፣ ደቡብ ሱዳን ቢጫ፣ ሩዋንዳ ቀይ፣ ታንዛኒያ አረንጓዴ ናቸው እንበል። አራቱም ቀለም አለቀ፤ ዩጋንዳ ባዶዋን ቀረች። ኬምፕ ሰማያዊን ከኬንያም ከኮንጎም አንሥቶ ለዩጋንዳ መስጠት ፈለገ። አስቸጋሪው ሁኔታ ሁለት ግድግዳ ሲኖር ነው፦ ቢጫና ቀይ አገሮች ተያይዘው ከደቡብ ሱዳን እስከ ሩዋንዳ፣ ቢጫና አረንጓዴዎቹ ደግሞ ከደቡብ ሱዳን እስከ ታንዛኒያ። ኬምፕ ከኮንጎ ጀምሮ ተያያዥ የሆኑትን ሰማያዊና አረንጓዴ አገሮች ቀለም አለዋወጠ፤ የመጀመሪያው ግድግዳ ስላለ ለውጡ ታንዛኒያ አይደርስም። ከኬንያ ጀምሮም ሰማያዊና ቀዩን አለዋወጠ፤ ሁለተኛው ግድግዳ ስላለ ሩዋንዳ አይደርስም። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ትክክል ነው። ግን ግድግዳዎቹ መንገድ ላይ ከተቋረጡ፣ የመጀመሪያው ለውጥ ሁለተኛው የተማመነበትን ግድግዳ ሊያፈርሰው ይችላል። ኬምፕ ሁለቱን አብሮ አልፈተሸም።

በ1890 የደርሃም መምህር ፐርሲ ሂውድ 25 ክፍሎች ያሉት ካርታ ሠርቶ ዘዴው የሚከሽፍበትን ቦታ አሳየ። ኬምፕም ስህተቱን ተቀበለ። ልብ በሉ፤ የሂውድ ካርታ በአራት ቀለም ይቀባል። የወደቀው ማረጋገጫው እንጂ ሃሳቡ አልነበረም። ሂውድ የኬምፕን ዘዴ አልጣለውም፤ በእሱው አምስት ቀለም ለሁሉም ካርታ እንደሚበቃ አረጋገጠ። አራት እንደሚበቃ ያረጋገጡት አፔልና ሃከን በ1976 በኮምፒውተር ነው፤ ያረፉበትም የኬምፕ መሠረታዊ ሃሳብ ላይ ነው።

የዚህ ስህተት ክፋቱ መጨረሻው እውነት መሆኑ ነው። መልሱ ልክ ሲመጣ መንገዱን ማን ይመረምራል? በክፍላችንም እንዲሁ ነው። አንድ ተማሪ 16/64 ላይ ሁለቱን 6 ሰርዞ 1/4 ቢል መልሱ ልክ ነው። በዚያው መንገድ 12/24 ላይ ሁለቱን 2 ቢሰርዝስ? እንደገና 1/4 ያገኛል፤ እውነቱ ግን 1/2 ነው። ለመጀመሪያው «ራይት» ብቻ ሰጥተን ካለፍን ተማሪው ስህተቱን ይዞ ፈተና ይገባል።

ስለዚህ መምህራን፣ መልሱ ልክ ሲሆንም «እንዴት አገኘኸው? እንዴት አገኘሽው?» እንበል። ተማሪዎችም መምህሩ «ስለዚህ» ሲል እጃችሁን አውጥታችሁ «ለምን?» በሉ። ጥያቄ ድፍረት አይደለም። ለመለማመጃ ይህችን ውሰዱ፦ 26/65 ላይ ሁለቱን 6 ሰርዙ። መልሱ ልክ ነው? መንገዱስ?