ከሕብረ ሕዋስ እስከ ፖሊሲ፦ የኦሬንጅ ፋርም ሙከራ ታሪክ

ኦሬንጅ ፋርም ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ አፓርታይድ ሊያከትም በተቃረበበት በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቆረቆረ የድሆች ሰፈር ነው። ለረጅም ጊዜ ያልተፈታ አንድ የሕክምና ክርክር እልባት ያገኘው በታላላቅ የምርምር ከተሞች ሳይሆን በዚህ ሰፈር ነው። ጥያቄው የወንድ ግርዛት ከኤች አይ ቪ ይከላከላል ወይ የሚል ነበር።

ጥርጣሬው የተነሣው ከካርታ ነው። በ1980ዎቹ መገባደጃ ተመራማሪዎች የአፍሪካን የግርዛት ልማድና የቫይረሱን ስርጭት ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ፣ ግርዛት ብርቅ በሆነባቸው አካባቢዎች ወረርሽኙ መበርታቱን አስተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከናይሮቢ የወጣ ጥናትም ያልተገረዙ ወንዶች በበለጠ እንደሚያዙ አመለከተ። ይሁንና ግርዛት ብቻውን የሚጓዝ ልማድ አይደለም፤ ከሃይማኖት፣ ከአልኮል መጠጥ፣ ከጋብቻ ሥርዓትና ከፍልሰት ጋር የተሳሰረ ነው። በመሆኑም የታየው ልዩነት የምላጩ ይሁን የአኗኗሩ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ የመጣው ከማይክሮስኮፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በበርሊን የሕክምና ተማሪ የነበረው ፓውል ላንገርሃንስ የሰውን ቆዳ በወርቅ ክሎራይድ አቅልሞ ሲመረምር ቅርንጫፍ ያላቸው ሕዋሳት አገኘ፤ የነርቭ ሕዋሳትም መሰሉት። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የድንበር ዘበኞች መሆናቸው የታወቀው ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ሮበርት ሳቦ እና ሮጀር ሾርት በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የሸለፈት ውስጠኛ ገጽ በእነዚህ ሕዋሳት የበለጸገ መሆኑን፣ በላዩ ያለው የኬራቲን ሽፋንም ስስ መሆኑን በመጥቀስ የቫይረሱ መግቢያ በር ይህ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1996 በሪሰስ ጦጣዎች ላይ የተደረገ ጥናትም የዝንጀሮዎች ተመሳሳይ ቫይረስ መጀመሪያ ከሚይዛቸው መካከል በብልት ሽፋን ሥር የሚገኙ፣ የእነዚሁ ሕዋሳት ዘመዶች እንደሆኑ አሳይቶ ነበር።

ካርታውም ሕብረ ሕዋሱም ወደ አንድ አቅጣጫ ቢጠቁሙም፣ ሁለቱ ተደምረው እንኳ የአንድን ሀገር የጤና በጀት ለማዘዝ አልበቁም። የቀረው ዕጣ ነበር። በፈረንሳዊው በርትራን ኦቬርና በደቡብ አፍሪካዊው ዲርክ ታልያርድ የተመራ ቡድን፣ ከ2002 ጀምሮ ከኦሬንጅ ፋርምና ከአካባቢው 18 እስከ 24 ዓመት የሆናቸውን 3,274 ፈቃደኛ ወንዶች መዘገበ። ዕጣ የወጣላቸው ወዲያውኑ ተገረዙ፤ የቀሩት ጥናቱ ሲያበቃ እንዲገረዙ ቃል ተገባላቸው። ቀዶ ሕክምናውን ያከናወኑት የአካባቢው ጠቅላላ ሐኪሞች ናቸው። ይህም ለፖሊሲ ትልቅ ትርጉም ነበረው፤ አገልግሎቱ ከትላልቅ ሆስፒታሎች ውጭ ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቷልና።

ክትትሉ ከታቀደለት ጊዜ በፊት ተቋረጠ፤ ምክንያቱም ልዩነቱ ከሚጠበቀው በላይ ገዝፎ ታየ። በቫይረሱ የተያዙት ከተገረዙት 20፣ ካልተገረዙት 49 ነበሩ፤ ይኸውም 60 በመቶ ያህል ቅናሽ ነው። በኬንያ ኪሱሙና በኡጋንዳ ራካይ የተካሄዱት ሁለት ሙከራዎች ተቀራራቢ ውጤት በማግኘታቸው፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኤንኤድስ በመጋቢት 2007 ግርዛትን በመከላከያ ዘዴነት መከሩ። የምጣኔ ሀብት ስሌቱም አሳማኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ለጋውቴንግ ክፍለ ሀገር በተሠራ ጥናት 1,000 ግርዛት በ20 ዓመት ውስጥ 308 ሰዎችን ከመያዝ እንደሚያድን፣ ወጪውም ከመያዝ ለዳነ ለአንድ ሰው 181 ዶላር ብቻ እንደሆነ ተገመተ።

ድሉ ግን ያለ ጥያቄ አልተገኘም። ለጥናቱ ደማቸው የተመረመረው ወጣቶች ውጤታቸው በቀጥታ አልተነገራቸውም፤ ማወቅ ከፈለጉ ወደ ምክር አገልግሎት እንዲሄዱ ይበረታቱ ነበር። ይህ በሥነ ምግባር ረገድ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ለሴቶች ያለው ጥቅምም ውሱን ነው፤ በራካይ ቫይረሱ ያለባቸውን ወንዶች መግረዝ የትዳር አጋሮቻቸውን ከመያዝ እንደማያድን እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ይባስ ብሎ፣ ከሙከራው በኋላ የሕብረ ሕዋሱ ማብራሪያ ራሱ ተናጋ። ላንጀሪን የተባለ ፕሮቲን በላንገርሃንስ ሕዋሳት ውስጥ ቫይረሱን እንደሚያጠፋ በ2007 ታወቀ፤ በ2010 የወጣ ልኬት ደግሞ በሸለፈት ውስጠኛና ውጫዊ ገጽ መካከል የኬራቲን ውፍረት ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ውጤቱ ጸንቶ ሳለ ምክንያቱ እንደገና ለክርክር ቀረበ። የሐሳቡ ዋጋ ትክክል በመሆኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ሙከራውን ተገቢ በማድረጉም ላይ ነበር።

ለኢትዮጵያ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በስምንተኛው ቀን መግረዝ ሥርዓት በሆነበት፣ በሙስሊሙም ዘንድ ግርዛት በጸናበት ሀገር፣ የ2005ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ10 ወንዶች ከ9 በላይ የተገረዙ መሆናቸውን መዝግቧል። ሆኖም በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የቫይረሱ ስርጭት 4.7 በመቶ ነበር፤ ከፊል መከላከያ ሙሉ ጋሻ አይደለምና። ከፍተኛው ስርጭት፣ ማለትም 6 በመቶ፣ የተመዘገበው በጋምቤላ ሲሆን፣ ኑዌርና አኙዋክ በባህላቸው ወንዶችን አይገርዙም። በዓለም አቀፉ ዘመቻ ኢትዮጵያ በጋምቤላ ብቻ የተካተተችው በዚህ ምክንያት ነው። የጋምቤላ ስርጭት በግርዛት ብቻ ይብራራል ማለት ግን የ1989ኙን ስሕተት መድገም ነው፤ ድንበር፣ ስደትና የጤና አገልግሎት እጥረትም በዚያው ካርታ ላይ ተደራርበዋል።

ኦሬንጅ ፋርምስ ምን አተረፈ? ከ2008 ጀምሮ በተሰጠው ነጻ አገልግሎት በሦስት ዓመት ውስጥ ከ20,000 በላይ ግርዛት ተከናወነ፤ የተገረዙት ወንዶች ድርሻ ከ12 ወደ 53 በመቶ አደገ። ግርዛት አንድ ጊዜ ተከፍሎ ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል መከላከያ ቢሆንም በየዓመቱ አዲስ ወጣት ለአቅመ አዳም ስለሚደርስ ወጪው አያቋርጥም። በአህጉሩ አብዛኛውን ወጪ የሸፈነው የአሜሪካው ፔፕፋር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲታገድ ይህ አገልግሎት በብዙ ሀገራት ተቋረጠ። ከመያዝ ለሚድን ለአንድ ሰው 181 ዶላር እንደሚያስወጣ የተገመተውን መከላከያ የሀገራቱ በጀት ይሸከመዋል ወይስ ለቀጣዩ ለጋሽ ይጠበቃል የሚለው ጥያቄ፣ ዛሬ በማይክሮስኮፕም በዕጣም የሚመለስ አይደለም፤ መልሱ የሚገኘው በገንዘብ ሚኒስቴሮች ሰነድ ነው።