ታላቅ ወንድም

ስድስት ኪሎ የተማርን ሰዎች ያን ሕንፃ በደንብ እናውቀዋለን። ሙዚየሙ ገብተን የጃንሆይን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት አይተናል፣ ደረጃው ላይ ተደርድረን ፎቶ ተነስተናል። ያኔ ስሙ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ታኅሣሥ 7 ቀን 1953 ዓ.ም. እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ አረንጓዴ ሳሎን በሚባለው ክፍል የታገቱ መኳንንትና ሹማምንት በጥይት ተደበደቡ። 15 ሰዎች ሞቱ።

ስለ ታኅሣሡ ግርግር ሲወራ ግን ጆሯችን የሚቆመው ግርማሜ ንዋይ ሲነሳ ነው። ዊስኮንሲን የተማረ፣ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ያገኘ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ኬንያ ስለሰፈሩት ነጮች የመሬት ነጠቃ የሠራ፣ ወላይታን እንዲያስተዳድር ሲሾም መሬት ለሌለው መሬት ልስጥ ብሎ ከባለርስቶች ጋር የተጋጨ፣ በመጨረሻም ጅጅጋ የተላከ። እንዲህ ያለ ሰው እንወዳለን፤ እኛን ይመስለናላ! ታላቅ ወንድሙ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ደግሞ “ታናሹ ያሳሳታቸው ወታደር” ተብለው ይታለፋሉ። (ልብ በሉ፣ ታናሹን አንተ፣ ታላቁን አንቱ እያልን ነው። ለማዕረጉ ይሁን ለዕድሜው እኛም አላወቅነው።)

ይሄ አተራረክ አይዋጥልንም። ጄኔራሉ በሰው ምላስ የሚነዱ ልጅ አልነበሩም። ከአለቃ ንዋይ ቤት፣ ከታወቀው የሞጃ ወገን የተወለዱ፣ በስዊድን መኮንኖች ይሰለጥን ከነበረው ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹ ዕጩ መኮንኖች አንዱ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በውትድርና ቆጥረው የክብር ዘበኛ አዛዥ እስከ መሆን ደርሰዋል። ክብር ዘበኛ ማለት ደግሞ የንጉሡ የራሳቸው ጦር ነው፤ ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ እንኳ የወጣው ከእሱ ነው። የዚህ ጦር አዛዥ ከንጉሡ አጠገብ የሚቆም ሰው ነው። ታዲያ ግርማሜ ቢሸነፍ የሚያጣው ሕይወቱን ነው። መንግሥቱ ግን ከሕይወታቸው ሌላ 25 ዓመት ያህል የገነቡትን ስም፣ የበሉበትን ማዕድና የማሉትን መሐላ ጭምር ነው ያስያዙት። ይህንን ሁሉ አስይዞ የገባን ሰው “ተሳስቶ ነው” ብሎ ማለፍ ማክበር ይመስላል እንጂ መናቅ ነው።

ውሳኔው የራሳቸው ከሆነ ግን ዕዳውም የራሳቸው ነው። አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ከተገደሉት መካከል የአርበኛው ራስ አበበ አረጋይና የራስ ሥዩም መንገሻ ስም ቶሎ ይነሳል። ሜጀር ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ሙሉጌታ ከመንግሥቱ በፊት የክብር ዘበኛ አዛዥ ነበሩ። መንግሥቱ የተረከቡት ወንበር የእሳቸው ነበር ማለት ነው። እኛ እዚህ ላይ ስንደርስ ነው ጀግና የሚለው ቃል አፋችን ላይ የሚከብደን። ባለሥልጣን ሁሉ በዝባዥ ነበር ብለን ብንነሳ እንኳ፣ የታገተን ሰው በመትረየስ መደብደብ በምን ይታለፋል?

ከዚያ በኋላ ያለው የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው። ምድር ጦርና አየር ኃይል ለንጉሡ ወግነው ክብር ዘበኛን ሲያሸንፉ ሁለቱ ከከተማ ሸሹ። ታኅሣሥ 15 ቀን ተከበቡ። በብዛት እንደሚተረከው ግርማሜ እጅ ላለመስጠት መጀመሪያ ወንድሙን፣ ቀጥሎ ራሱን ተኮሰ። እሱ ሞተ፤ ታላቅየው ፊታቸው ቆስሎ፣ አንድ ዓይናቸው ጠፍቶ ተረፉ።

ችሎት የቆሙት በዚያ ቁስል ነው። ሁሉንም በሞተው ወንድማቸው ላይ ማላከክ ይችሉ ነበር፤ የሞተ አይከራከርም። አላደረጉትም። ሞት ሲፈረድባቸውም ይግባኝ አልጠየቁም። መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተሰቀሉ።

ንጉሡ ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። በ1954 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ፣ ልክ በዓመቱ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ግቢ ተመረቀ፤ ተማሪዎችም በዚያ በር መግባት ጀመሩ።