ኪሎ የማይመዝነው ድካም

የወሩ የቁጠባ ስብሰባችን ሲያበቃ አንዳንዴ ገንዘብ አዋጥተን ሠፈራችን ካለው ሥጋ ቤት ጥብስ እንበላለን። ከፊት ለፊት ሥጋ ቆራጩ ይመዝናል፤ ከጓሮ ሴቲቱ በከሰል ትጠብሳለች። ይህ ልማድ ከየት መጣ ብለን ስንጫወት ታሪኩ የእኛም ሆኖ አገኘነው።

ቀድሞ የበሬ ሥጋ የሚበላው በድግስና በቅርጫ ነበር። ጎረቤት አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ ወንዶች አርደው፣ መደብ መድበው በዕጣ ይካፈላሉ፤ ሴቶች በየቤታቸው ይሠራሉ። ምግብ መሸጥ ነውር ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ግን እንግዳው በዛ። እቴጌ ጣይቱም ሆቴል ከፍተው በገንዘብ መብላትን ለከተማው አለማመዱ። በ1949 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቄራ ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ ሥጋ ቤቶች ሥጋቸውን ከዚያ ይረከባሉ።

ሒሳብ ስለምንይዝ ደረሰኙን እናያለን። የሚሰፍረው ኪሎው ብቻ ነው። ሽንኩርቱ፣ አዋዜው፣ የጠባሿም ድካም በኪሎው ዋጋ ውስጥ ይጠፋል።

ከአባሎቻችን አንዷ ለዓመታት በሰው ጓሮ ስትጠብስ ኖራ፣ ከማኅበሩ ተበድራ የራሷን ጥብስ ቤት ከፈተች። መዝገቧን አብረን ስናዘጋጅ ሥጋው፣ ከሰሉ፣ የቤት ኪራዩ ሁሉ ተጽፏል፤ የራሷ ደመወዝ ግን የለም።

«እኔማ ባለቤቷ ነኝ!» አለችን።

«የጠበስሽበትስ?» አልናት።

አንድ መስመር ጨመርን። ትርፏ በወረቀት ላይ ቀነሰ፤ ድካሟ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጠረ።