ሠለስቱ፥ ሺኢሽቲ፥ ሦስት

በሐረር ጀጎል ውስጥ በጌይ ሲናን ሲቈጠር «አሐድ፥ ኮኦት፥ ሺኢሽቲ» ይባላል። ሦስተኛውን ቃል የሰማ አማርኛ ተናጋሪ የራሱ «ሦስት» ተሰባብሮ የቀረበለት ይመስለዋል። ከዚህም የተነሣ የሐረሪ ቋንቋ የአማርኛ ብልሽት ነው የሚል ስሕተት ሲነገር ኖሯል። ይህ አነጋገር የአንድን ጥንታዊ ከተማ ሕዝብ ቋንቋ ያለ አግባብ የሚያሳንስ ስለ ሆነ በጥሞና ሊመረመር ይገባዋል።

ምስክሩ ግእዝ ነው። በግእዝ ቍጥሩ «ሠለስቱ» ሲሆን፥ በመካከሉ ያለው «ለ» በትግርኛ «ሰለስተ» ውስጥ እስከ ዛሬ ጸንቶ ይገኛል። አማርኛም ሐረሪም ይህን ድምፅ ጥለዋል፤ ሆኖም አማርኛ «ሦስት» ሲል ሐረሪ «ሺኢሽቲ»፥ ስልጤም «ሼሽት» ይላል። እንግዲህ ሐረሪ በዝምድና ይበልጥ የሚቀርበው ለስልጤና ለዛይ ነው፤ ለአማርኛ ግን ወንድም እንጂ ልጅ አይደለም። ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ዐሥር ቀን ያህል በከተማይቱ ሰንብቶ በማግሥቱ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ የቋንቋውን ሰዋስውና ቃላት አክሎበታል። የቃላቱን ምንጭ በስፋት የመረመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1963 የታተመው የቮልፍ ሌስላው መዝገበ ቃላት ነው።

አማርኛ የጣለውን «ለ» በሌላ በር መልሶ አስገብቶታል፤ ከግእዝ የወረሳቸው «ሣልስ»፥ «ሥሉስ»፥ «ሥላሴ» ይዘውታል። በ1884 ዓ.ም. ሐረር አጠገብ በኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ተፈሪ መኰንንም የነገሡት ይህ ሥር ባለበት የክርስትና ስማቸው ነው።

አውሮፓውያን ደግሞ ከዚሁ ቍጥር ከፍተኛውን ድምፅ ሰይመዋል። የእንግሊዝኛው «ትሬብል» ሦስት እጥፍ ከሚለው ከላቲኑ «ትሪፕሉስ» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ዝማሬ ከታች ሲቈጠር ሦስተኛ የሆነውና ከሁሉ በላይ የሚዜመው ድምፅ በቍጥሩ ተጠራ። በእኛም ዘንድ የያሬድ ዜማ ሦስት ነው፤ ግእዝ፥ ዕዝልና አራራይ። ከፍ ብሎ የሚዜመው አራራይ ግን ስሙን ከቍጥር አላገኘም፤ ሊቃውንት ማራራት ከሚለው ጋር ያያይዙታል። ተራው አማርኛማ ድምፅን የሚለካው በውፍረት ነው፤ ከፍ ያለውን «ቀጭን»፥ ዝቅ ያለውን «ወፍራም» ይለዋል። ስለዚህ «ትሬብል»ን «ሦስተኛ ድምፅ» ብሎ የሚተረጕም ሰው አንባቢውን ያሳስታል፤ ክራር መቺው የሚያውቀው ቀጭኑን ጅማት ነው።