በመያዣ የተላኩ ሁለት ቀለበቶች

ከአዳምስ ሞርጋን በ16ኛው ጎዳና ቁልቁል የወረደ ሰው ሳይታጠፍ ዋይት ሐውስ ይደርሳል። በ18ኛው ጎዳና እንጀራና ቡና ፍለጋ የምንመላለሰው አበሾች ይህን እምብዛም ልብ አንለውም። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግን ሥራ ያጣ አሜሪካዊ ሁሉ ዓይኑን የጣለው እዚያ ደጃፍ ላይ ነበር።

በአካል የመጡት አልቀናቸውም። እ.ኤ.አ. በ1932 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች ቃል የተገባልን ገንዘብ አሁኑኑ ይከፈለን ብለው በሺዎች ሆነው ዋሽንግተን ገቡ፤ አናኮስትያ ሜዳ ላይም ሰፈሩ። በጁላይ መጨረሻ በጄኔራል ማክአርተር የሚመራ ጦር በአስለቃሽ ጭስ በተናቸው፤ ጎጇቸውም ጋየ።

ወረቀት ግን ገባ። በ1933 ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሥልጣን በያዙበት ሳምንት ብቻ 450,000 ያህል ደብዳቤ ደረሳቸው። ባለቤታቸው ኤሊኖርም በዚያው ዓመት ኦገስት በአንድ የሴቶች መጽሔት ሕዝቡ እንዲጽፍላቸው ጋበዙ፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ የመጣላቸው ደብዳቤ 300,000 ገደማ ደረሰ። ልጆች ካፖርትና ጫማ ለመኑ።

ከሁሉ የማይረሳኝ በጃንዋሪ 1935 ከኒው ዮርኳ ትሮይ ከተማ የተላከው ነው። ጸሐፊዋ ነፍሰ ጡር ናት። ከወር በፊት የሕፃን ልብስ እንዲገዙላት ኤሊኖርን ጠይቃ ነበር፤ ገንዘቡን ኋላ ልትመልስ። አሁን ደግሞ ሁለት ቀለበቶች በፖስታው ውስጥ ጨመረች፦ አንዱ እናቷ ታጠልቀው የነበረ፣ ሌላው ባሏ ከመጋባታቸው በፊት የሰጣት። ምጽዋት አልጠየቀችም፤ መያዣ አስይዛ ብድር ነው የጠየቀች። ድህነት ሰውን ለማኝ ያደርጋል የሚል ካለ ይህን ደብዳቤ ያንብብ።

አብዛኛው ጸሐፊ ያገኘው ግን አንድ ዓይነት የይቅርታ መልስ ነበር። ቀሪው፣ በእኛ ቢሮ ወግ፣ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል»።

በአገራችንም ማመልከቻ ይዞ የጃንሆይን መኪና መንገድ ላይ መጠበቅ፣ ተደፍቶም «አቤት!» ማለት የተለመደ ነበር። ደጅ መጥናት ያልሆነላቸው የወሎ ረሃብተኞች ናቸው። በ1965 ዓ.ም. ታኅሣሥ ገደማ ከሺህ በላይ ሆነው በዋናው መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ፖሊስ ከከተማው መግቢያ አገዳቸው፤ እዚያው የቀይ መስቀል ማኅበር ሊረዳቸው ሞከረ። የወሎ ሰቆቃ ወደ ቤተ መንግሥት የገባው በእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ በጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።